ያልተጠራንበት ጉባኤና የቀረንበት ስብሰባ



ዛሬ የምናወጋው ስለ ቀሐ ወንዝ፣ በጎንደር ስለተላለፈ አንድ የቆየ ውሳኔ እና ስለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነው። ሦስቱ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አብረን እንዝለቅ። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው በመስጊድ በር ላይ ነው። አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወላጆች ተሰብስበው ያጉረመርማሉ። «ሆን ብለው ነው» ይላል አንዱ። «ልጆቻችን ጁሙዓ እንዳይሰግዱ ነው» ይላል ሌላው። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ፣ በሰፈሩ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ተጀምሯል፤ ሰዓቱም ዓርብ ከቀኑ 6:30 እስከ 8:00 ሆኗል። የእህቴ ልጅም እዚያው 8ኛ ክፍል ነው። የኢማሙ ረዳት እንደመሆኔ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው «ኡስታዝ፣ አንተ ሄደህ ንገራቸው» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግን አልተከራከሩኝም። ከመሳቢያቸው አንድ መዝገብ አውጥተው «ይኸው ቃለ ጉባኤው፤ ያንብቡት» አሉኝ። አነበብኩት። ሰዓቱን የወሰነው የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረቱ የጠራው ስብሰባ ነው። ዓርብ የተመረጠው መምህራኑ በሌሎቹ ቀናት ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ስላላቸው ነበር። የተገኙት ወላጆች ስምና ፊርማ ከታች ተደርድሯል። አንድ በአንድ ወረድኩበት። ከእኛ ሰፈር፣ ከመስጊዱ በር ላይ ካጉረመረሙት፣ አንድም ሰው አልነበረም። የእህቴም ስም የለም። እሷን ወክዬ እንድሄድ ነግራኝ የነበረው ደግሞ እኔን ነው። የጥሪ ወረቀቱ በልጁ እጅ መጥቶ ነበር። «ኢንሻአላህ እሄዳለሁ» ብዬ ሳልሄድ ቀረሁ።

ከትምህርት ቤቱ ወጥቼ በቀሐ ድልድይ ላይ ስመለስ፣ በመድረሳ ሳለሁ ከአንድ ሸኽ የሰማሁት የአዲስ ዓለም ታሪክ ትዝ አለኝ። ወንዙን እያየሁ አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ እንድትረዱልኝ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1636) ነው። ከተማዋ በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ተቆረቆረች። ሙስሊሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ በከተማዋ ነበሩ። ነጋዴዎች፣ ሸማኔዎች፣ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ በቤተ መንግሥቱም የሚታመኑ ሰዎች ነበሯቸው። ፋሲል ከየመን ኢማም ጋር ለመነጋገር ሲፈልጉ ደብዳቤያቸውን ያስያዙት ሙስሊም መልእክተኛን ነው። ከየመን በኩል ደግሞ አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የተባለው ዓሊም እ.ኤ.አ. በ1648 እስከ ጎንደር መጥቶ ጉዞውን በዓረብኛ ጽፎ አስቀምጧል።

ፋሲል ሞተው ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ነገሡ። በነገሡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በጎንደር ታላቅ ጉባኤ ተቀመጠ። መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ የአገሩ ሹማምንት ተሰበሰቡ። ጉባኤው ስለ ብዙ ሰዎች ዕጣ ወሰነ። በአገሩ የቀሩት ካቶሊኮች ወይ የአገሩን ቤተ ክርስቲያን እምነት እንዲቀበሉ ወይ እንዲወጡ ተባለ። ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ከክርስቲያኖች ተለይተው፣ የራሳቸውን ሰፈር ይዘው እንዲቀመጡ ተወሰነ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1678፣ ውሳኔው እንደገና ታወጀ። ሁለት ጊዜ መታወጁ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። በመጀመሪያው አዋጅ ጎረቤት ከጎረቤቱ ቶሎ አልተለየም ማለት ነው።

የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር በቀሐ ዳር የጸናው በዚህ መንገድ ነው። እስላም ቤት ተባለ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ቤቱን ለቆ የሚወርደው ሙስሊሙ ነው፤ ልጆቹን ይዞ በወንዙ ዳር አዲስ ጎጆ የሚቀልሰው እሱ ነው። ጉባኤው ግን የእሱ ጉባኤ አልነበረም። ስለ እሱ ተወሰነ፤ ከእሱ ጋር አልተወሰነም።

ታዲያ በወንዙ ዳር የሰፈሩት ሰዎች ምን አደረጉ? ቁጭ ብለው አላለቀሱም። እ.ኤ.አ. በ1699 ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ሙስሊሞች በከተማዋ የታችኛው ክፍል በተለየ ሰፈር እንደሚኖሩ ጽፏል። ከ70 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1770፣ የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሲደርስ በቀሐ ዳር ያየው ሰፈር ትልቅ ከተማ ሆኗል፤ 3,000 ያህል ቤት እንዳለው ገምቷል። ግምቱ የእንግዳ ግምት ነው፤ ቢበዛም ቢያንስም፣ ሰፈሩ ትልቅ እንደነበር ግን ያሳያል። ብሩስ ራሱ ጎንደር ሲገባ በመጀመሪያ ያረፈው በዚሁ በሙስሊሞች ሰፈር ነበር። ከምጽዋ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር በመተማ በኩል እስከ ስናር የሚሄደው የሲራራ ንግድ በአብዛኛው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነበር። ነጋድራሶቻቸው በቤተ መንግሥት የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ።

ከንግዱ ጎን ደግሞ ቂርኣት ነበር። ልጅ ሎህ ይዞ ከሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ ቁርኣን ያኸትማል፤ ከዚያ ወደ ፊቅህና ወደ ነሕው ይሻገራል። ደረሳው ከሩቅ አገር ቢመጣ የሚያበላው ሰፈሩ ነው። በጀት የሚመድብ መንግሥት አልነበረም። ማን ለስንት ደረሳ እንጀራ ያወጣል፣ ማን ጣሪያውን ይከድናል፣ የሚለውን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይማከራሉ። ዛሬ በዘመኑ ቋንቋ ብንጠራው ይህ የትምህርት ቤት ምክር ቤት ነው።

ይህ ልማድ ባሕር ተሻግሮም ነበር። በካይሮው አል-አዝሀር ከእኛ አገር ለሚሄዱ ደረሶች የተለየ ማደሪያ ነበረ፤ ሪዋቅ አል-ጀበርት ይባላል። ሪዋቁ የራሱ ሸኽ ነበረው፤ ሸኹ ስለ ተማሪዎቹ ማደሪያና ቀለብ ኃላፊ ነው። የግብፅ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዚህ ሪዋቅ አለቆች ከነበሩ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ጀበርቲ የሚለው ስሙም አያቶቹ ከወጡበት ከዚህ ምድር የመጣ ነው።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። አፄ ቴዎድሮስ በ1856 ዓ.ም. ገደማ የጎንደር ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋን ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ዘርፈው አቃጠሉ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ሌላ ጉባኤ ጠሩ። በዚያም ሙስሊሙ በ3 ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ተወሰነ። ከጎንደር ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የማህዲስቶች ጦር በአቡ አንጃ መሪነት ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ የከተማዋንም ሕዝብ ገደለ፣ ማርኮም ወሰደ። እዚህ ላይ ሚዛናችን መሳት የለበትም። ያን ጊዜ የተቃጠለው የጎረቤታችን ቤት ነው። በደል በማንም ላይ ቢፈጸም በደል ነው። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1941 ስላሉት የጎንደር ሙስሊሞች ራሱን የቻለ ጥናት ጽፈዋል። ዘመኑን በደንብ ማወቅ የሚፈልግ ወጣት ፈልጎ ያንብበው።

ጣልያን ሲገባ መስጊድ መሥራት ተፈቀደ፣ ዓረብኛ ማስተማርም ተፈቀደ። ነገር ግን ለፍቅር አልነበረም፤ ከፋፍሎ ለመግዛት ነበር። ጣልያን ወጥቶ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ብዙ አባቶቻችን ልጆቻቸውን ለመላክ ፈሩ። በትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ግብረ ገብ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተቃኘ ነበር፤ «ልጄ ሃይማኖቱን ይተዋል» የሚለው ፍርሃት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። አባቶቻችን የሚያውቁት ጉባኤ ወይ ውረዱ ወይ ተጠመቁ ያላቸውን ነው። ስለዚህ ከጉባኤ መራቅን እንደ ጥበብ ቆጠሩት። በዘመናቸው ጥበብ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ዘመኑ ሲለወጥ እኛ ያንኑ ልማድ ይዘን መቅረታችን ነው።

ዘመኑ እንዴት ተለወጠ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረዋቸው ተሰለፉ። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥርዓቱ ተለወጠ፣ ከዚያም ዒዶቻችንና መውሊድ በሕዝብ በዓልነት ታወቁ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲካሄድ ሎህ ብቻ ያነበቡ እናቶች ፊደል ቆጠሩ።

ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉም የሚጠጋው ግን የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የትምህርት ቤት አስተዳደር ያልተማከለ እንዲሆንና ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች የሚሳተፉበት እንዲሆን ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. ይህንን የሚያስፈጽም የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ፤ በየትምህርት ቤቱ ደግሞ በመጀመሪያ የወላጅና መምህር ህብረት፣ አሁን ተማሪውም ተጨምሮ ወተመህ የሚባለው አለ። ወላጆቹ ከወላጆች መካከል በወላጆች ይመረጣሉ።

ይህ ህብረት ምን ይወስናል? ብዙዎቻችን መዋጮ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የሌለው ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ትምህርት ቤት በ4 መስኮች ራሱን ይገመግማል፦ መማር ማስተማር፣ ምቹና ጤናማ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። በግምገማው ላይ ተመሥርቶ የ3 ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ያወጣል፣ ከሱም የየዓመቱን ዕቅድ ይመዝዛል። በተማሪ ቁጥር ልክ የሚመጣው የድጎማ ገንዘብ ለመጽሐፍ ይሁን ለመቀመጫ፣ ለሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት ይሁን ለአጥር፣ ህብረቱ ይመክርበታል። ያረፈደ ተማሪ፣ ያቋረጠ ተማሪ፣ የሚቀር መምህር፣ የፈረቃ ሰዓት፣ ሁሉም እዚያ ይነሣል። የልጅህ ቀን የሚቆረጠው በዚያች ክፍል ውስጥ፣ ለሕፃናት በተሠራ አጭር ወንበር ላይ ነው።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ርዕሰ መምህሩ «የሚቀጥለው ስብሰባ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው፤ ይምጡ» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ተነሥቼ ያየሁትን ተናገርኩ። ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር እንዳላገኘሁ፣ የእኛን ፊርማ ግን እንዳጣሁ ነገርኳቸው። አንድ አባት ከኋላ ሆነው «ኡስታዝ፣ አንተስ የት ነበርክ?» አሉኝ። «እኔም ቀርቻለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሳቅ ሆነ። ሳቁ ግን ከተግሣጽ የበለጠ ሠራ።

በስብሰባው ቀን 11 ሆነን ሄድን። 7ቱ እናቶች ነበሩ። ሰብሳቢዋ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት ክርስቲያን እናት ናቸው። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ «እትዬ፣ ዓርብ በ6:30 ልጆቻችን ለጁሙዓ ሶላት ይወጣሉ። ማጠናከሪያውን እንፈልገዋለን፤ ሰዓቱ ግን ቢለወጥልን» አልኩ። ክፍሉ ዝም አለ። እሳቸውም «ውይ ልጄ! ይህንን የነገረን ሰው አልነበረምኮ» አሉ። አንድ መምህር ሐሙስ ከሰዓት የራሳቸውን ክፍለ ጊዜ ከሌላ መምህር ጋር ሊቀያየሩ እንደሚችሉ ተናገሩ። በ10 ደቂቃ አለቀ። ሁለት ወር ሙሉ በመስጊድ በር ላይ ያጉረመረምንበት ነገር 10 ደቂቃ ነበር የፈለገው።

ቀጣዩ አጀንዳ ግን ረጅም ነበር፤ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ነው። የአጥር ጥገና ይቅደም ወይስ የሴቶች መጸዳጃ ቤት? እኔ ጉዳዬ ስላለቀ ሰዓቴን ማየት ጀምሬ ነበር። ከእኛ ጋር የመጣች አንዲት እናት ግን ተነሥታ፣ ልጇ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ቀን እንደምትቀር፣ ምክንያቱም መጸዳጃው በርና ውኃ የሌለው መሆኑን ያለ ሐፍረት ተናገረች። ሌሎች እናቶችም፣ መስቀል ያሰሩትም ሂጃብ የለበሱትም፣ «የኔም ልጅ! የኔም!» አሉ። መጸዳጃው ቀደመ። ያን ጊዜ የገባኝን ልንገራችሁ። እኔ የሄድኩት የእኛን ጥያቄ ይዤ ነበር። እዚያ ስቀመጥ ግን የእኛ ብቻ የሆነው ጥያቄ አንዱ ነበር፤ የተቀረው የሁላችንም ነው።

በዚያች ክፍል አብሮ መቀመጥ በጎንደር ቀላል ነገር አይደለም። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን የደረሰው ከማንም ልብ አልወጣም፤ የሞቱትን አላህ ይዘንላቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስንት ልጅ ከክፍል ውጭ እንደዋለ ታውቃላችሁ። ሰው እርስ በርሱ የሚፈራው ሳይነጋገር ሲቀር ነው። በ1668 የተለየው ሰፈር ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ ወሬውም አብሮ ተለየ። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው እያሉ፣ ወላጆቻቸው በአንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት መቀመጥ ሊያቅተን አይገባም።

በዲናችን ምክክር ትልቅ ቦታ አለው፤ ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ አሽ-ሹራ ተብሎ መጠራቱ ይበቃናል። በተለይ ለወጣቶች አንድ የሲራ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በኡሑድ ዋዜማ ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን አማከሩ። የእሳቸው ዝንባሌ በመዲና ሆኖ መከላከል ነበር። በበድር ያልተገኙት ወጣቶች ግን እንውጣ አሉ፤ ሐሳባቸውም ተቀባይነት አገኘ። ውጤቱ ከባድ ሆነ፤ ምክክሩ ግን ከዚያ በኋላም አልተተወም። ወጣት ይናገራል፣ ይሰማል፣ አንዳንዴም ይሳሳታል፤ ከሸንጎው ግን አይቀርም። በበድር ከተማረኩት መካከልም ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ፣ መጻፍ የሚችሉት፣ የአንሷር ልጆችን መጻፍ አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ተወስኗል። በዚያ ችግር መሐል ስለ ሕፃናት ትምህርት የተወሰነ ውሳኔ ነው።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይላል። የወላጆች ስብሰባ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አይደለም። የምንሄደው ትምህርት ቤቱን የእኛ ለማድረግ ሳይሆን ልጆቻችን የትምህርት ቤቱ እንዲሆኑ ነው።

ስለዚህ አንተ ታናሽ ወንድም ያለህ፣ አንቺ ታናሽ እህት ያለሽ፣ አባትና እናት በሥራ ቢያዙ የጥሪ ወረቀቱን ተቀበሉና እናንተ ሂዱ። ስልክ ላይ ስለ ታሪካችን የምንጽፈውን ያህል የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ዕቅድ እናንብብ። ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ፤ አይከለከልም። ስለ መጸዳጃው፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ውኃው ተናገሩ። የወተመህ ምርጫ ሲመጣ እናቶቻችንን ጠቁሙ። ሐሳባችሁ ቢወድቅም ፈርማችሁ ውጡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሳችሁ እንድትመጡ።

በ1668 አባቶቻችን ወደ ቀሐ ሲወርዱ በጉባኤው በር ላይ የጠራቸው አልነበረም። እኛን ግን በልጅ እጅ ወረቀት ልከው ይጠሩናል። አባቶቻችን ምክንያት ነበራቸው። እኛ ብንቀር ምን ልንል ነው?

አላህ ልጆቻችንን በዕውቀት ያሳድግልን፤ ከተማችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።